የተቆጣ ክርስቲያን ምን ያድርግ? ከንዴቱ ሰዓት እስከ ቅዱስ ቁርባን

ብዙ ምእመናን ሲቆጡ ከሁለት መንገዶች በአንዱ ይሄዳሉ። አንዳንዶች ክርስቲያን መቆጣት አይገባውም ብለው ስለሚያምኑ ንዴታቸውን ለራሳቸውም ሳይቀር ይክዳሉ፤ ፊታቸው እየሳቀ ልባቸው ይጠቁራል፤ የተካደውም ንዴት ውሎ አድሮ ቂም ሆኖ ይገኛል። ሌሎች ደግሞ «እኔ በሆዴ አልይዝም» እያሉ አፋቸው ያመጣውን ሁሉ ይናገራሉ፤ እነርሱ ቀለል ሲላቸው የሰሚው ቁስል ለዓመታት ይቆያል። ሁለቱም ወገኖች ጾም ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ ይመጸውታሉ፤ ቅዱስ ቁርባን ሲነሣ ግን «ሰው ተቀይሜአለሁና እንዴት እቀርባለሁ?» ብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ስሜት መምጣቱ አለመታዘዝ አይደለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ስለ ሁለቱ ልጆች ሲናገር፣ አባቱ ወደ ወይኑ አትክልት እንዲሄድ ሲያዘው «አልወድም» ያለው፣ ኋላ ግን ተጸጽቶ የሄደው ልጅ የአባቱን ፈቃድ እንደ ፈጸመ አሳይቷል፤ «እሺ ጌታዬ» ብሎ የቀረው ግን አልፈጸመም። የመጀመሪያው ልጅ ስሜት እምቢታ ነበር፤ የተመዘነው ግን እግሩ በሄደበት ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ኀዘኑን ለደቀ መዛሙርቱ ከገለጠ በኋላ ነው «አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው። እጁ የሰለለችውን ሰው በሰንበት ሊፈውስ ሳለም፣ ስለ ተመልካቾቹ ልብ ድንዛዜ አዝኖ በቁጣ እንዳያቸው ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 3 ጽፏል፤ ያ ቁጣ ያስከተለው ግን ፈውስን ነው። ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው ምንም አለመሰማት ሳይሆን፣ የተሰማን ነገር አፋችንን፣ እጃችንንና ትዝታችንን እንዳይገዛ ማድረግ ነው።

የሚከተለው የተጻፈው በተለይ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን፣ ማለትም የንስሐ አባት ላለው ወይም ለመያዝ ለሚያስብ፣ አጽዋማትን ለሚጾምና ወደ ቅዱስ ቁርባን ለመቅረብ ለሚሻ ሰው ነው። ስለ ቁጣ በስፋት የምንነጋገረውም ከስሜቶች ሁሉ ፈጥኖ ወደ ድርጊት የሚለወጥ እርሱ ስለሆነ ነው። ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንያዝ፦ ታላቅ ወንድምዎ የሟች ወላጆቻችሁን ቤት ሳያማክርዎ አከራይቶታል፤ እርስዎም ወሬውን የሰሙት ከጎረቤት ነው።

አንደኛ፦ የተሰማዎትን በስሙ ይጥሩት

እግዚአብሔር ቃየንን ገና ወንድሙን ሳይገድል «ለምን ተናደድህ? ለምንስ ፊትህ ጠቈረ?» ብሎ ጠይቆታል። ዮናስንም «በውኑ ትቈጣ ዘንድ ይገባሃልን?» ብሎታል። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የሚጠይቀው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የተቆጣው ሰው ራሱን እንዲያይ ነው። ቃየን ለጥያቄው መልስ አልሰጠም፤ ወደ ሜዳ ሄደ። ዮናስ ግን በቁጣው ውስጥ ሆኖም ቢሆን ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገሩን አላቋረጠም።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ወረቀት ይውሰዱና ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ይጻፉ። በመጀመሪያው የሆነውን ብቻ ያስፍሩ፦ «ወንድሜ ቤቱን ሳያማክረኝ አከራየ»። በሁለተኛው ይህን ሲሰሙ ልብዎ ምን እንዳለ ይጻፉ፦ «ከሰው አልቆጠረኝም»። በሦስተኛው ምን ማድረግ እንዳሰኘዎት ሳይሸሽጉ ያስፍሩ፦ «ለዘመድ ሁሉ ደውዬ ላዋርደው»። የመጀመሪያው ሐቅ ነው። ሁለተኛው ግምት ነው፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ምናልባት ወንድምዎ ገንዘብ አስጨንቆት ወይም እርስዎን ማስቸገር ከብዶት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ እግዚአብሔር ለቃየን «ኃጢአት በደጅ ታደባለች» ሲል ያስጠነቀቀው ስፍራ ነው። ሦስቱ ተደባልቀው ሲቀመጡ ሁሉም እኩል እውነት ይመስላሉ፤ ሲለያዩ ግን ለንስሐ የሚሆነው፣ ለውይይት የሚሆነውና ለሽማግሌ የሚሆነው ተለይቶ ይወጣል። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጥቂት ከቆዩ ብዙ ጊዜ ከቁጣው ሥር ሌላ ነገር ያገኛሉ፤ የእናትና የአባት ኀዘን ያልወጣለት ሰው በቤት ኪራይ ሰበብ ሲቆጣ፣ የሚያስለቅሰው ኪራዩ ላይሆን ይችላል።

ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ለማንም አያሳዩ። ከንስሐ አባትዎ ጋር እስኪነጋገሩ ያቆዩትና ከዚያ ያቃጥሉት።

ሁለተኛ፦ በመጀመሪያው ሰዓት አፍዎን ይጠብቁ

ሰው ሲቆጣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል፤ አካሉ ለጠብ ተዘጋጅቷልና አእምሮው የሚያመዛዝንበት ፋታ አያገኝም። ይህ እስኪበርድ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ «ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቁጣም የዘገየ ይሁን» ሲል መዘግየትን ማዘዙ ለዚህ ተፈጥሯችን የሚስማማ መድኃኒት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ መታዘዝ ማለት በአመዛኙ አለመናገር፣ አለመጻፍና አለመደወል ማለት ነው። በተለይ በስልክ የሚላክ የድምፅ መልእክት ያስፈራኛል፤ በቴሌግራም የተላከው ንዴት ቢሰረዝም ሰሚው ልብ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያም አልፎ ለሌላ ሰው ተላልፎ ያልታሰበበት ቦታ ይደርሳል።

የተቆጡበት ሰው ፊትዎ ከሆነ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «አሁን ተቆጥቻለሁ፤ በዚህ ሁኔታ ብናገር እበድላለሁና ማታ ራት ስንበላ እንነጋገርበት» ብለው ይነሡ። ይህን ከኩርፊያ የሚለየው የመመለሻው ሰዓት ነው። ኩርፊያ ሌላውን ሰው መቼ እንደሚያበቃ በማያውቀው ዝምታ የሚቀጣ ቅጣት ነው፤ በቤታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ትዕግሥት ተቆጥሮ ያልፋል፤ በእውነቱ ግን ቁጣው አፉን ዘግቶ መበቀሉ ነው። መመለሻ ሰዓት የተነገረለት ዝምታ ግን ለሌላው ሰው ክብር የሚሰጥ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስም ባይበርድልዎ እንኳ ቃልዎን ጠብቀው መገኘት አለብዎት፤ ያን ጊዜ «እስከ ነገ ጠዋት ጨምርልኝ» ማለት ይቻላል። የተቆጡት በልጅ ላይ ከሆነ ደግሞ እጅዎን ከማንሣትዎ በፊት ክፍሉን ለቀው ይውጡ፤ ልጁን ሌላ አዋቂ ይጠብቅልዎ፤ ተግሣጹ ይቆይ።

ለብቻዎ ሲሆኑ መቁጠሪያ ይያዙና እያንዳንዱን ትንፋሽ ረጋ ብለው እያስወጡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ። 12 ጊዜ ብለው ካልበረደልዎ እስከ 41 ይቀጥሉ፤ ቁጥሩን ለመጨረስ አይጣደፉ። ቃሉ ከአፍዎ ጠፍቶ እንኳ ቢሆን ከመዝሙር 140 «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የምትለዋን አንዲት ኀረግ መያዝ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ የሚያበርድ ሰው ይፈልጉ

በቀዳማዊ መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 25 የተጻፈውን ታሪክ የተቆጣ ሰው ሁሉ ደጋግሞ ቢያነበው እወዳለሁ። ዳዊት በስደት ሳለ በቀርሜሎስ በጎቹን ይሸልት ወደ ነበረው ባለጸጋ ወደ ናባል 10 ጎልማሶችን በሰላምታ ላከ፤ ሰዎቹ የናባልን እረኞች በምድረ በዳ ጠብቀው ነበርና ጥያቄው ነውር አልነበረበትም። ናባል ግን «ዳዊት ማን ነው? የእሴይስ ልጅ ማን ነው?» ብሎ ሰደባቸው። ሳኦልን በዋሻ ውስጥ አግኝቶት ሳይገድለው ያለፈው ያ ታጋሽ ዳዊት፣ በዚህ ስድብ 400 ሰዎችን ሰይፍ አስታጥቆ ተነሣ፤ ከናባል ቤት አንድም ወንድ ሳያስቀር ሊያጠፋ ማለ። በታላቁ ፈተና የጸና ሰው በትንሹ ሊሰናከል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን፤ ንጉሥ ሊገድለው ሲያሳድደው ያልተቆጣው በአንድ ባለጸጋ ንቀት ተቆጣ።

የናባል ሚስት አቢግያ 200 እንጀራ፣ 2 አቁማዳ የወይን ጠጅ፣ 5 የተዘጋጁ በጎችና ሌላም ስንቅ በአህዮች ጭና በመንገድ ተቀበለችው። ያደረገችውን ልብ ይበሉ። ዳዊት የተቆጣው ያለ ምክንያት ነው አላለችም፤ የባሏን ስንፍና ራሷ መሰከረች። ነገር ግን ነገ እግዚአብሔር በእስራኤል ላይ ሲያነግሠው ያለ ምክንያት የፈሰሰ ደም የኅሊና ጸጸት እንዳይሆንበት አሳሰበችው። ቁጣ ዛሬን ብቻ ያሳያልና ነገን የምታሳየው እርስዋ ነበረች። ዳዊትም እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ምክርዋን ባረከ፣ የማለውንም መሐላ ትቶ ተመለሰ።

ከዚህ ሁለት ተግባሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ሳይቆጡ በፊት «የእኔ አቢግያ ማን ናት?» ብሎ መወሰን ነው። ነገሩን ሲነግሩት «አንተን? ደግሞ አንተን!» የሚል ወዳጅ በዚያ ሰዓት ወዳጅ አይደለም፤ የበደለዎትን ሰው ክብር ጠብቆ የእርስዎንም ቁስል የሚያምን ሰው ይምረጡ፤ የክርስትና እናት፣ አክስት ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛ ልትሆን ትችላለች። ከአንድ ሰው በላይም አይንገሩ፤ ከዚያ ካለፈ ምክር መፈለጉ ሐሜት ይሆናል። ሁለተኛው ስለ መሐላ ነው። «በእመቤቴ ስም ምያለሁ፤ ደጁን አልረግጥም» ብለው ከሆነ፣ መሐላው ለክፉ የተገባ ነውና ከዕርቅ የሚያግድዎ ሰንሰለት አድርገው አይያዙት። በከንቱ መማልዎ ራሱ ንስሐ የሚያስፈልገው ስለሆነ ለንስሐ አባትዎ ይናገሩት፤ የሚሰጥዎትንም ቀኖና ይፈጽሙ።

አራተኛ፦ ፀሐይ ሳይጠልቅ የሚደረገው

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «ተቈጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ፥ ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት» ብሎ ጽፏል። ይህን ቃል ብዙዎች ጠቡ ራሱ እስከ ማታ መፈታት አለበት ብለው ስለሚረዱት፣ ባልና ሚስት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ እየተከራከሩ የባሰ ይጎዳዳሉ። የቤቱ ኪራይ ጉዳይ ሽማግሌ ተቀምጦበት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያው ቀን መለቀቅ ያለበት የመበቀል ሐሳብ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የሠርክ ጸሎት በ11 ሰዓት መሆኑ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ ፀሐይ ልትገባ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራት ቆሞ ራስን መመርመር ይቻላልና። በስዊድን ወይም በኖርዌይ የሚኖር ሰው በክረምት ፀሐይ ገና በ9 ሰዓት አካባቢ ስትጠልቅበት፣ በበጋ ደግሞ እስከ ሌሊት ስትቆይበት፣ ያችኑ የ11 ሰዓት ጸሎት የቀኑ መዝጊያ አድርጎ ቢይዛት ይቀለዋል።

በዚህ ጸሎት ላይ «አቡነ ዘበሰማያት» ሲያደርሱ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም ይበሉና የበደለዎትን ሰው በክርስትና ስሙ ይጥሩት። ልብዎ እስኪለሰልስ አይጠብቁ፤ «አቤቱ፥ ፈቃዴን እሰጥሃለሁ፤ ስሜቴ ገና አልተከተለኝም» ማለት እውነተኛ ጸሎት ነው። ከዚያ ለዚያ ሰው አንድ የተለየ ነገር ይለምኑለት፤ ጤናውን፣ የልጆቹን ትምህርት ወይም የሚያስጨንቀውን ዕዳ ያንሡለት። ለሰው በዝርዝር ሲጸልዩለት እርሱን እንደ ጠላት ብቻ ማየት እየከበደ ይመጣል። እንባ ከመጣም ይምጣ። መዝሙር 54 «ጠላትስ ቢሰድበኝ፥ በታገሥሁ ነበር» እያለ የወዳጅን ክህደት በምሬት ለእግዚአብሔር ያሰማል፤ ይህን ምሬት ቤተ ክርስቲያን ከመዝሙረ ዳዊት አላወጣችውም፤ እንድንጸልይበት ሰጠችን እንጂ። ሲተኙ ደግሞ መዝሙር 4ን ያንብቡ፤ መቆጣትን ከመበደል ለይቶ፣ በመኝታ ላይ ሆኖ በልብ ማሰብንና ዝም ማለትን የሚያዝዘው እርሱ ነው።

አምስተኛ፦ ጾምና አካል

በጾም ወቅት ብዙ ሰው ብስጩ ይሆናል፤ ይህንንም «ዲያብሎስ ጾሜን ሊያስፈርስ ነው» ብሎ ብቻ ማለፍ በቂ አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው፣ በየጠዋቱ ቡና የለመደ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ያመዋል፣ ይደብተዋል፣ በትንሹም ይናደዳል፤ ይህ ቡና በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው። ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የጠዋቱን ቡና በሲኒ እየቀነሱ፣ ሰዓቱንም ወደ ከሰዓት በኋላ እየገፉ መሄድ ችግሩን በእጅጉ ያቀልለዋል። እንቅልፍም እንዲሁ ነው፤ ማኅሌት ቆመው ያደሩ ሰው በማግስቱ ስለ ውርስ ለመነጋገር ቀጠሮ አይያዙ።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ሕዝቡን የወቀሰው «ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ» ብሎ ነው። ከጥሉላት ምግብ የከለከሉትን አፍ ሰው እንዲበላ መልቀቅ ጾሙን ባዶ ያደርገዋል። ጠዋት በባዶ ሆድ ከባድ ንግግር አለመጀመር፣ ደብዳቤና መልእክት ከማዕድ በኋላ መመለስ፣ ቀላል የሚመስሉ ነገር ግን ብዙ ጠብ የሚያስቀሩ ልማዶች ናቸው። አካሉ የታወከ ሰው ደግሞ በአካሉ ቢጸልይ ይረዳዋል፤ ሰንበትና በዓለ ኃምሳን የመሳሰሉ ስግደት የሌለባቸው ቀናት ካልሆኑ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ጥቂት ስግደት መስገድ የተወጠረውን ሰውነት ያላላል፣ ልብንም ዝቅ ያደርጋል።

ስድስተኛ፦ ወደ ንስሐ አባት ሲሄዱ

ስለ ቁጣ ንስሐ ለመግባት የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ የሌላውን ሰው ኃጢአት ተናግሮ ይመለሳል። «አባቴ፣ ወንድሜ እንዲህ አደረገኝ፣ እንዲህም አለኝ» ሲሉ ቆይተው መጨረሻ ላይ «እኔም ትንሽ ተናገርሁ» ይላሉ። ይህን ለማስቀረት በወረቀቱ ላይ ከጻፉት ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ይዘው ይጀምሩ፦ ምን ተመኘሁ፣ ምን ተናገርሁ፣ ለማን አወራሁ፣ ስንት ቀን በልቤ አቆየሁት። ስለ ወንድምዎ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ንስሐ አባትዎ የሚያዝዙዎት ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ወይም «ቀድመህ ደውልለት» የሚል ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻው ከሁሉ ቢከብድም አይቀይሩት። ነቢዩ ሳሙኤል ለሳኦል «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» ያለው፣ የቀለለውን መሥዋዕት ራሱ መርጦ የከበደውን ትእዛዝ በተወ ጊዜ ነው። ትእዛዙን ለመፈጸም በእውነት የማይችሉበት ሁኔታ ካለ ተመልሰው ለአባትዎ ያስረዱ፤ በልብ ውስጥ ዝም ብሎ መሻር ግን አይገባም።

ቁጣ በአንድ ንስሐ ካልጠፋ ተስፋ አይቁረጡ። የግብፁ አባ አሞናስ ቁጣን ድል መንሣት እንዲሰጠው ሌሊትና ቀን እግዚአብሔርን እየለመነ በአስቄጥስ በረሃ 14 ዓመት እንደ ኖረ ስለ ራሱ ተናግሯል። ከዓለም የራቀ መነኩሴ ይህን ያህል ከታገለ፣ በታክሲ ሰልፍና በቤት ኪራይ መካከል የሚኖር ሰው በ1 ሱባዔ ለምን አልጨረስሁትም ብሎ ራሱን መኮነን የለበትም።

ነገር ግን ስሜቱ ሌላ መልክ የያዘበት ጊዜ አለ። ንዴት ወይም ኀዘን ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከዘጋ፣ ከሥራና ከሰው ከለየ፣ ይልቁንም ሞትን ካስመኘ፣ ሐኪም መታየት የግድ ነው፤ ሞት መመኘቱ ካለ 2 ሳምንት መጠበቅም አያስፈልግም፣ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ተናግሮ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፤ ኤልያስም ተመልሶ ተኛ። በ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ማክበርን ያስተምራል። ጸበል መጠመቅና የሐኪም መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም፤ ወደ ጸበል ሲሄዱ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነውና ሐኪሙን ሳይጠይቁ አያድርጉት።

ሰባተኛ፦ ወደ ሰውዬው መሄድ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በሁለት ቦታ ስለዚህ ተናግሯል። በምዕራፍ 5 ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ መባህን ትተህ ሂድ ይላል፤ በምዕራፍ 18 ደግሞ ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል። በዳይም ተበዳይም የታዘዘው መሄድ ነውና «እርሱ ነው መምጣት ያለበት» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም።

የመጀመሪያው ጉዞ የሁለታችሁ ብቻ ይሁን። ከሐቁ ይጀምሩ፣ ግምቱን በጥያቄ ያቅርቡ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ቤቱ መከራየቱን ከጎረቤት ሰማሁ፤ ስላልነገርከኝ ከፋኝ። ምን ሆነህ ነው?» ከዚያ ዝም ብለው ይስሙ። የእርስዎ ጥፋት ካለ፣ ለምሳሌ ለዘመድ አውርተው ከነበረ፣ «ነገር ግን» ሳይጨምሩበት ይቅርታ ይጠይቁ። ካልተግባባችሁ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች ይጥሩ፤ ሽማግሌ የሚመረጠው ለእርስዎ እንዲፈርድ ሳይሆን ሁለታችሁም «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንድትባባሉ መሆኑን አስቀድመው ይቀበሉ። ስለ ድርሻዎ ግን መናገር ይችላሉ። ጌታ ርስት እንዲያካፍለው ለለመነው ሰው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የሰጠው መልስ ከመጎምጀት ተጠበቁ የሚል ነበርና፣ ወደ ሽማግሌ ከመሄድዎ በፊት ፍትሕ እየፈለጉ እንደ ሆነ ወይም ከዚያ በላይ እየተመኙ እንደ ሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። ይቅርታ በደልን በዝምታ መሸከም አይደለም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ ሲመታ አልሰደበም፤ ነገር ግን «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል። ቅዱስ ጳውሎስም ሊገርፉት ሲሉ የሮማ ዜግነቱን አንሥቷል፣ ወደ ቄሣርም ይግባኝ ብሏል። ባሏ የሚደበድባት ሴት «ታገሺ፣ ክርስቲያን ነሽ» ተብላ ወደ ዱላው መመለስ የለባትም፤ መጀመሪያ ከነልጆቿ ሕይወቷን ታድን፣ ለሕግ ታሳውቅ፤ የልብ ይቅርታ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ዕርቅ ደግሞ የሌላውን ሰው ንስሐና መለወጥ ይጠይቃል። በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን የተከለከለች እኅትም መብቷን በኤምባሲ ወይም በሕግ መጠየቋ ከመታዘዝ አያወጣትም፤ የሚጠበቅባት የአሠሪዋን ክፋት በክፋት አለመመለስ ነው።

ስምንተኛ፦ ወደ ቅዱስ ቁርባን

ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው ከ18 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከምግብና ከመጠጥ እንደሚከለከል ሁሉ፣ በእነዚህ ሰዓታት ከክርክርም ቢከለከል መልካም ነው። የቤቱን ጉዳይ ለሌላ ቀን ያሻግሩት፤ ስልኩንም ይዝጉት። በቅዳሴው ውስጥ ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» (ፍጹም ስለ ሆነ ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፤ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል፣ ሕዝቡ እርስ በርሱ እጅ የሚነሣሣው ለልማድ አይደለም፤ ቁርባኑ ከመፈተቱ አስቀድሞ በመካከላችን ጠብ እንዳይኖር ነው። በዚያች ቅጽበት አጠገብዎ ላለው ሰው ሲሰግዱ ሩቅ ያለውንም ወንድምዎን አስበው ይስገዱ።

ደውለው አላነሣ ካለ፣ ሽማግሌ ልከው ካልተቀበለስ? ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ሲል፣ «ቢቻላችሁስ» እና «በእናንተ በኩል» የሚሉትን ሁለቱንም አስቀምጧል። ያደረጉትን ሁሉ፣ መቼ እንደ ደወሉ፣ ማንን እንደ ላኩ፣ ምን ተብሎ እንደ ተመለሰ፣ ለንስሐ አባትዎ በትክክል ያስረዱ። ይቅረቡ ወይስ ይቆዩ የሚለውን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ «ወንድሜ እስኪታረቀኝ አልቆርብም» ብለው በራስዎ ፈቃድ ለዓመታት አይራቁ፤ ሳያስፈቱም በድፍረት አይቅረቡ። ከቆረቡ በኋላም ቁጣው በሳምንቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የቀድሞው ይቅርታ ሐሰት ነበር ብለው አይደምድሙ፤ ከመጀመሪያው ተነሥተው በዚያው ቀን በ11 ሰዓት ጸሎት ላይ የወንድምዎን ስም እንደ ገና ይጥሩ፣ በዓል ሲመጣም ደውለው «እንኳን አደረሰህ» ይበሉት፤ ባያነሣም በሚቀጥለው በዓል ይደውሉ።